ጀማል ያላሰመራት ጭረት

ማስቲሽ ሲሸተኝ ይደክመኛል። ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ መናኸሪያ ጥግ አንድ ጫማ ሰፊ የማስቲሹን ጣሳ ከፍቶ ሶል ሲቀባ አጠገቡ ደረስኩ። የያዝኩትን ፌስታል መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ «ና ቁጭ በል፣ የቱ ነው የተላቀቀው?» አለኝ። ጫማዬ ደህና ነበር። «ይቅርታ» ብዬ ሄድኩ። የምሠራው ጉብሬ ነው፤ ሚኒባሱ ጉብሬ እስኪደርስ ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም። ሰው ወንድሙን በሽቶው ወይም በድምፁ ያስታውስ ይሆናል። የእኔ በማስቲሽ ነው።

የመጨረሻው ደህና ቀን ሰኞ ነበር። የዛሬ አራት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። የአገራችን ሊግ በዋዜማው እሁድ ስላለቀ ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ የዓመቱን ኮከብ ግብ አግቢ ስም ሲጠራ ነበር። ኸይሩ ነው። የቡታጅራ ልጅ፣ የእኛው ሰፈር ልጅ። ባጃጆቹ መስተዋታቸው ላይ ሪባን አስረው ጥሩምባ እየነፉ ይዞሩ ነበር። ረቡዕ ሊመጣ ነው፤ የሰፈሩ ወጣቶች ሊቀበሉት ቲሸርት አሳትመዋል። እኔም አንዱን ለብሼ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ፈተና ጨርሼ ወደ ወንድሜ ሱቅ ስደርስ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጀማል እጁን በነጭ ጋዝ አጽድቶ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። እጁን ሳይታጠብ ሰሌዳውን ነክቶ አያውቅም።

ስለ ሰሌዳው አስቀድሜ መናገር አለብኝ። አለበለዚያ የቀረው አይገባም።

ጀማል ጫማ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከበርበሬ ወፍጮ ቤቱ ጎን ነበረች። ሱቅ ልበላት እንጂ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው በር ላይ ነው የሚቆመው። ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳዋ ይንቀጠቀጣል፤ ደንበኛው ያስነጥሳል፤ ጀማል ለምዶታል፣ አያስነጥስም። ከመኪና ጎማ የተቆረጡ ሶሎች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። ጥግ ላይ የተማሪዎች ኳስ፣ የተቀደደ ቦርሳ፣ አፉን የከፈተ ታኬታ ተከምሯል። ለታኬታ ከየወረዳው ይመጡበት ነበር። ከአረቅጥ ድረስ ለቡድናቸው በሙሉ በጆንያ አሥረው ያመጡበትን ቀን አስታውሳለሁ። ኳስ ተጫዋች ስለነበር እግር የት ላይ ጫማን እንደሚገፋ ያውቅ ነበር። የሰፋው ታኬታ ሌላ ቦታ ይቀደድ እንደሆነ እንጂ እሱ የነካው ቦታ አይቀደድም።

ሰሌዳው ጥቁር ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው። ዘወትር ሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ የሊጉን ኮከብ ግብ አግቢዎች ይጽፍበታል። ከመንገዱ ማዶ ኳስ የሚያሳይ ቤት አለ፤ እዚያ የሚለጠፈው የእንግሊዝ ጨዋታ ብቻ ነው። «የእንግሊዙንማ እንግሊዞች ይጽፉታል» ይል ነበር ጀማል። ቁጥር አይጽፍም። ለአንድ ጎል አንድ ጭረት ያሰምራል፤ አራት አቁሞ አምስተኛዋን በላያቸው ላይ ያጋድማታል። በፍጹም ቅጣት ምት የገባች ከሆነች ጭረቷን ያሳጥራታል። ከተጫዋቹ ስም ጎን ደግሞ ክለቡን አይጽፍም፤ የተወለደበትን አገር ነው የሚጽፈው። «ክለብ በየዓመቱ ይቀየራል። የእናቱ ቤት አይቀየርም» ይላል። ስለዚህ የእሱን ሰሌዳ ያነበበ ሰው ማን ለማን እንደሚጫወት ላያውቅ ይችላል። ከአሰላ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከጂንካ፣ ከደሴ ማን እንዳለ ግን ያውቃል። ሬዲዮ ከሰማ በኋላ ራሱ ወደማያውቃቸው ሰዎች እየደወለ ያጣራ ነበር። እነዚያን ስልኮች ከየት እንደሚያመጣቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባታችን የሞተው እኔ አራት ዓመቴ ላይ ነው። ጀማል በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ፊደል ያስቆጠረኝ በዚያ ሰሌዳ ላይ ነው፤ የግብ አግቢዎቹን ስም እያነበብኩ። የተማሪ ቤት መምህሬ «ዳንኤል» ብለህ ጻፍ ስትለኝ ጽፌ ስጨርስ ጎኑ ላይ «ሆሳዕና» ጨመርኩበት። ክፍሉ ሳቀብኝ። ለጀማል ስነግረው እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ አንድ ዓይኑ ቀድሞ ይጨፈናል።

ኸይሩ ከእሱ በሁለት ዓመት ያንሳል። ሁለቱም ለከተማችን ቡድን አጥቂ ነበሩ። ትልልቆቹ ሲያወሩ እንደሰማሁት ጀማል ይበልጠው ነበር። እኔ አላየሁም፤ ባየውም አላስታውስም። የአዲስ አበባ ክለብ ለሙከራ ጠርቶት በሄደ በሳምንቱ ጉልበቱ ተጎዳ። ሐኪም ቤት ተኛ ቢሉት እናቴ «እዚያ ይቆርጡታል» ብላ ወደ ወጌሻ ወሰደችው። ወጌሻው ጥሩ ሰው ነው፤ የብዙ ሰው እጅ መልሷል። የጀማል ጉልበት ግን አጥንት ሳይሆን ጅማት ነበር የተበጠሰበት። አርባ ቀን ታሸ። ከዚያ በኋላ እያነከሰ ነው የሄደው፤ እናቴ ፊት ግን ሲያነክስ አይቼው አላውቅም። እቤት ሲደርስ ያስተካክለዋል። በቀጣዩ ዓመት ያው ክለብ ኸይሩን ወሰደው።

ነገሩ የተጀመረው ሊጉ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ኸይሩ ከአንድ የአርባ ምንጭ ልጅ ጋር አንገት ለአንገት ነበር። እሁድ ዕለት ከማዕዘን ምት አንድ ጎል ተቆጠረች፤ ግርግር ውስጥ ነው የገባችው፤ ኸይሩ እጁን አንስቶ ሮጠ። በቴሌቪዥን አየነው። ሰፈሩ ጮኸ። በማግስቱ ሰኞ ጀማል ሰሌዳውን ጻፈ፤ የኸይሩ ጭረቶች ግን እንደነበሩ ናቸው።

«ጀማል፣ የትናንቷን ረሳሃት» አለው ሻፊ። ሻፊ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሱቁ በር ላይ ተሳፋሪ እየጠበቀ የሚውል፣ የሰፈሩን ቀልድ ሁሉ የሚያመጣ።

«አልረሳኋትም።»

«ታዲያ የታለች?»

«እሷ የሱ አይደለችም።»

«ወላሂ ትቀልዳለህ! አይተናት እኮ! እጁን አንስቶ ሲሮጥ!»

«እጅ ማንሳት ጎል አይደለም፣ ሻፊ። አንተም መንገድ ዘግተህ እጅህን ታነሳለህ።»

ሰው ሳቀ። ያን ቀን ሳቁ ከጀማል ጋር ነበር።

«የሱ አይደለችም» አለ ጀማል እንደገና፣ ጠመኔውን እያስቀመጠ።

«አንተ ከየት አየህ? ጨዋታው ሲካሄድ እዚህ ተቀምጠህ የኔን እናት ጫማ ስትሰፋ ነበር!»

ጀማል ጎንበስ ብሎ አንድ ሶል አነሳ። መልስ አጥቶ አያውቅም ነበርና ሁሉም አስተዋለው። እኔም አስተዋልኩት።

ከዚያ በኋላ ሳቁ ዞረ። በሳምንቱ ጭረቷ አልተሰመረችም። በሚቀጥለውም። ሻፊ «የዓመቱ ኮከብ ጎል ቀናሽ» የሚል ስም አወጣለት። ባጃጅ ነጂዎቹ በሱቁ ሲያልፉ «ጀማል! ከጫማዬም አንድ ቀንስልኝ!» ይሉታል። እሱ ፈገግ ይላል፤ ክሩን በሰም ያሻል። አንድ ቀን ጠዋት በሩ ላይ በከሰል «ምቀኛ» ተጽፎ አገኘን። በእርጥብ ጨርቅ አጠፋው፤ ቀለሙ ግን እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ቃሉ ግራጫ ሆኖ ቀረ። በዚያ ላይ ዘይት ቀባበት። ባሰ። ተወው።

ትምህርት ቤት እኔን «የምቀኛው ወንድም» ይሉኝ ጀመር። ስለ ጉልበቱ ሁሉም ያውቃል። «እሱ ያልደረሰበት ሌላው ሲደርስ ያመዋል» ይሉኛል። መጀመሪያ እጣላ ነበር። በኋላ ሰለቸኝ። ደግሞ ማመን ጀመርኩ። ከምን የተነሳ እንደሆነ ጠይቄዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ሁልጊዜ የሚለኝ «የሱ አይደለችም» ብቻ ነው። ምክንያት የሌለው ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ምክንያት ይሰጠዋል።

ወደዚያ ሰኞ ልመለስ። የዓመቱ የመጨረሻ ጽሑፍ ነበር። ጀማል ጻፈ። ከላይ ሁለት ስም እኩል ለእኩል፦ የአርባ ምንጩ ልጅ፣ ጎኑ ላይ ኸይሩ፣ ቡታጅራ። ጭረታቸው እኩል ነው። ሬዲዮው ኸይሩ ብቻውን ኮከብ ነው ይላል፤ በአንዲት ጎል በልጦ። በሩ ላይ የቆመው ሰው በዚህ ጊዜ አልቀለደም። አንዳንዱ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ጀማል ወደ ሰሌዳው ዞሮ እንደገና ቆጠራቸው፤ ከዚያ የአስር አዛን ሲል ጫማውን ቀይሮ ወደ መስጊድ ሄደ።

ሻፊ ባጃጁ ውስጥ ነበር። «ሚፍታ፣ ረቡዕ ኸይሩ በዚህ መንገድ ነው የሚያልፈው» አለኝ። «ይህን ሲያይ ምን ይላል? ሼም አይይዝህም?»

ጠመኔውን አነሳሁና አሰመርኳት። የጀማልን እጅ አስመስዬ፣ ከላይ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብዬ። ሻፊ አጨበጨበ።

ጀማል ሲመለስ ገና ሳይቀመጥ አያት። ማን አሰመራት ብሎ አልጠየቀም። አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ አንድ ጊዜ ዳበሳት። ጠፋች።

«ተዋት!» አልኩ። «አንዲት ጭረት ናት! ምን ይጎድልብሃል?»

«ከኔ ምንም አይጎድልም።»

«ታዲያ ረቡዕ ልጁ ሲመጣ እኛ በየት በኩል ነው የምናልፈው?»

«በመንገዱ» አለ።

ሻፊ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ በእኔ ላይ መሰለኝ። የለበስኩት ቲሸርት አቃጠለኝ።

«ቀንተህ ነው!» አልኩት። «ጉልበትህ ባይበጠስ አንተ ነበርክ እዚያ የምትደርሰው። እሱ ሲደርስ አላስችል አለህ። ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።»

ወፍጮው ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ሰምቷል። ጀማል በርጩማው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጤነኛ እግሩን፣ ቀጥሎ ሌላውን በእጁ አንስቶ ዘረጋው። እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ሥራ ላይ የነበረውን የሴት ጫማ አነሳ።

«ምሳ በልተሃል?» አለኝ።

ጥዬው ሄድኩ።

ማታ ራት ላይ አብረን ነበርን፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። ለእናቴ ሶል እንዳለቀበት፣ ጠዋት ወልቂጤ ደርሶ እንደሚመለስ ሲነግራት ሰማሁ። ጎህ ሲቀድ ሲነሳም ሰምቻለሁ። ነቅቻለሁ፤ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቻለሁ። በሩ ላይ ቆም አለ። «ሚፍታ» አለ፤ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። ደጋግሞ ቢጠራኝ እነሳ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን አልደጋገመም፤ እኔም አልተነሳሁም፤ በሩ ተዘጋ።

ከአረቅጥ ወዲያ ጉም ውስጥ ሚኒባሱ ከመንገድ ወጣ። ተሳፋሪው አብዛኛው ተርፏል።

ስለዚያ ማክሰኞ ብዙ መጻፍ አልችልም። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ነች። ጀማልን ማምሻውን አመጡት፤ ረቡዕ ጠዋት ቀበርነው። ለአቀባበሉ የተሰበሰበው ሰው ለቀብር ሆነ። ባጃጆቹ ሪባናቸውን ፈትተው ሰው አመላለሱ፤ ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ የያዘው ሻፊ ነበር። ኸይሩ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ መቃብሩ መጣ፤ የክለቡን ቱታ እንደለበሰ። አፈሩን በአካፋ ሳይሆን በሁለት እጁ እያፈሰ ያለብስ ነበር። ሰዎች «በቃህ፣ ለሌላውም ተው» ብለው እስኪይዙት።

«ማሻአላህ፣ ደግ ልብ ማለት ይህ ነው» ሲል ሰማሁ አንድ ሽማግሌ። «ያ ሁሉ ተደርጎበት፣ ይኸው መጥቶ ቀበረው።»

እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር። አላህ ያውቃል እንደዚያው ነው ያሰብኩት። በወንድሜ መቃብር ላይ ቆሜ በወንድሜ አፈርኩ።

ተዕዚያው፣ የለቅሶው መቀመጥ፣ ሦስት ቀን ነበር። ሰው ይመጣል፣ «አላህ ሰብር ይስጣችሁ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ይነሳል፣ ሌላው ይመጣል። መልሱ አንድ ነው፤ «አሚን» ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ከንፈሬ ብቻ ነበር የሚለው። ኸይሩ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልወጣም። ማስታጠቢያ ይዞ የሰው እጅ ያስታጥባል፤ ኮከብ ግብ አግቢ ነህ፣ ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥም ይላል። ከእኔ ጋር ግን ዓይን ለዓይን አይገናኝም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እጄን ያዘና ወደ ጓሮ ወሰደኝ፤ ወደ እንሰቱ። ዝናብ አባርቶ ስለነበር ከቅጠሎቹ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ሚፍታ፣ ጀማል ስለ እኔ የነገረህ ነገር አለ?» አለኝ።

«ስለ ምን?»

«ስለ ምንም። ስለ እኔ።»

«የለም።»

«እናትህንስ? ሻፊን?»

«ማንንም ምንም አላለም። 'የሱ አይደለችም' ነው የሚለው። ሌላ ነገር የለውም።»

ቁጢጥ አለ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጥፍሮቹ ውስጥ አሁንም የመቃብሩ አፈር ነበር።

«ያቺን ጎል እኔ አልነካኋትም» አለ።

አልገባኝም። ወይም ገብቶኝ ነበር፤ እንጃ።

«ኳሷ የተከላካዩ ጭን ላይ ነው የተጋጨችው። እኔ ኋላው ነበርኩ። እጄን ለምን እንዳነሳሁ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ስለማነሳ ይሆናል። ልጆቹ ላዬ ላይ ተከመሩ። ዳኛው በስሜ መዘገባት። ማታ ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ለጀማል ደወልኩለት። ለሌላ ለማን ልደውል? ከልጅነቴ ጀምሮ ሳጠፋ የምነግረው ለሱ ነው።»

«ምን አለህ?»

«'ንገራቸው' አለኝ። አልችልም አልኩት። እናቴ ጎረቤት ሰብስባ እልል ትላለች፣ አገሩ ሁሉ ይደውልልኛል፣ እንዴት ብዬ? ሬዲዮው ይሰማኝ ነበር፣ ከኋላው። ከዚያ 'እሺ፣ የአንተ ነገር ነው፣ አንተው ጨርሰው' አለኝ። 'እኔ ለማንም አልናገርም። ግን ኸይሩ፣ በእጄ አላሰምራትም።'»

«ሰው ምን ይለው እንደነበር ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ሻፊ እየደወለ እየሳቀ ይነግረኛል። እኔም አብሬው እስቃለሁ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እላለሁ። ረቡዕ ስመጣ መጀመሪያ ወደ ሱቁ ሄጄ ሰው ሁሉ ፊት ልናገር ነበር። ወላሂ ሚፍታ፣ ልናገር ነበር።»

ልመታው ይገባ እንደነበር አስባለሁ። እጄ ግን አልተነሳም፤ በጣም ደክሞኝ ነበር። ስለ እሱ እያሰብኩም አልነበረም። እኔ ወፍጮው ቆሞ እያለ መንገድ ላይ የጮህኩትን ነው የማስበው። ጀማል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር እኔ አፌን እዘጋ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አፉ ውስጥ ነበረች። ምሳ በልተሃል አለኝ።

«አሁን ገብቼ ልናገር?» አለ ኸይሩ። «አንተ በል ካልከኝ አሁን ገብቼ እናገራለሁ።»

በእንሰቱ መካከል ድንኳኑን አየሁት። ሽማግሌዎቹ ምንጣፉ ላይ ተደጋግፈው ያንቀላፋሉ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ነች። ግባና ተናገር ብለው የወንድሜ ስም በዚያች ደቂቃ ይጸዳ ነበር። ያን ያህል ቅርብ ነበር። ነገር ግን ጀማል ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልነካውን ነገር እኔ በሦስተኛው ቀን ላንሳው?

«ጀማል የአንተ ነው ብሎሃል» አልኩት። «የአንተ ነው።»

ኸይሩ ወደ ድንኳኑ ገባ። ማስታጠቢያውን አነሳ። የሰው እጅ አስታጠበ። ማምሻውን ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ይህን የምጽፈው እሱ ስለፈቀደልኝ ነው። ዘንድሮ ኳስ አቁሟል። በቅርቡ ደውሎ «ጻፈው፣ እኔ ስናገር ይምታታብኛል፣ አንተ ጻፈው» አለኝ። አራት ዓመት ፈጀበት። አልፈርድበትም። እኔም አንድ ጊዜ ተጠርቼ ያልተነሳሁ ሰው ነኝ።

ያኔ ኸይሩ በተመለሰ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቁን ከፈትኩ። ሰዎች ሊሰፋላቸው የሰጡት ጫማ እዚያ አለ፤ መመለስ ነበረበት። ሰሌዳው እንደነበረ ነው፤ ሁለቱ ስሞች፣ እኩል ጭረት። ጫማዎቹን እየለየሁ ሳለ ሻፊ መጣ። ባጃጁን አጥፍቶ ወረደ፤ ሲወርድ አይቼው አላውቅም ነበር። በሩን ይዞ ቆመ።

«እንዴት አደርክ፣ ሚፍታ። እማስ?»

«ደህና ነች፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እኔም ብዙ ተናግሬዋለሁ» አለ። «ቀልድ ነበር። አላህ አውፍ ይበለኝ።» ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ። «አንድ ነገር ልበልህ፣ አትቆጣ። ያቺን ጭረት አሁን አስምራት። ለኸይሩ ብዬ አይደለም፣ ለጀማል ብዬ ነው። አየኸው ልጁን፣ መጥቶ ቀበረው። አንተ ካሰመርካት ነገሩ አለቀ፤ ሰው ምቀኛ ነበር እያለ አያስታውሰውም። እኔ ራሴ አስወራለሁ፣ ወንድሙ አስተካከለው ብዬ።»

ከመስኮቱ ላይ ጠመኔውን አንስቶ ዘረጋልኝ። ከልቡ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። በቀልድ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ጠመኔውን ተቀበልኩት፤ ወደ ቦታው መለስኩት።

«አላሰምራትም» አልኩ።

«ለምን?»

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። እስከ ጥርሴ ድረስ መጥቷል። ሻፊ ከሰማ እኩለ ቀን ሳይሞላ ቡታጅራ ሁሉ ይሰማል፤ እናቴም ትሰማለች፤ በሩ ላይ ያለው ግራጫ ቃልም ትርጉም አይኖረውም።

«ለምን እኮ ነው የምልህ» አለ ሻፊ። ድምፁ ተቀየረ። «ንገረኛ! ወይስ አንተም እንደሱ ቀናህ?»

«አዎ» አልኩት። «ቀንቼ ነው።»

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ባጃጁ ውስጥ ገባ። ሞተሩ በመጀመሪያው አልተነሳለትም፤ በሁለተኛው ተነሳ፤ ወደ ገበያው ወረደ።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቡ ሰኞ ዕለት ይዞት የነበረው የሴት ጫማ አለ፤ ከተረከዙ ጀምሮ እስከ ግማሹ ድረስ ተሰፍቷል፤ ክሩ ከነመርፌው ተንጠልጥሏል። ሲሠራ አይቼው አድጌያለሁ እንጂ ራሴ ሰፍቼ አላውቅም። የመጨረሻዋን ቀዳዳ በጣቴ ፈልጌ አገኘኋት። ከእሷ ቀጥሎ ወስፌውን ሰካሁ፤ ቆዳው ጠንካራ ነበር፣ በጉልበቴ ይዤ ገፋሁት፤ ክሩን ሳብኩት። የእሱ ስፌት ቀጥ ያለ ነው፤ የእኔ እየተጣመመ ይሄዳል። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ወፍጮው ተነሳ፤ ግድግዳው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እኔም አስነጠስኩ። ዙህር እስኪደርስ ያቺን አንዲት ጫማ ስሰፋ ቆየሁ።